የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የዱር ፈረሶች

ባለፈው ግንቦት ለሠርግ ቢሾፍቱ ሄጄ፣ ገና ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ ጋሪ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ዝናብ አባርቶ ነበር። ፈረሱ ርሶ ከጀርባው እንፋሎት ይወጣል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ባለሁበት ቀረሁ፤ እርጥብ ጠጉር፣ ላብ የጠገበ ቆዳ፣ ትንሽ ደግሞ ገለባ ገለባ የሚል። ባለጋሪው ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው፣ «እመቤቴ፣ ይሳፈራሉ ወይስ ፈረሱን ያሸቱታል?» አለኝ። «ሁለቱንም» አልኩትና ወጣሁ። የሠርጉን ቤት አልፈን ሄደን እንደገና መመለሳችንን ያወቅኩት ሰውየው ሲስቅብኝ ነው።

ለሌላው ሰው ያ የፈረስ ሽታ ነው። ለእኔ የአባ ቦራ ሽታ ነው። እንዲያውም እስከዚያ ክረምት ድረስ ሽታው ከፈረስ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ ሰው ሲያረጅ እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር። አይ ልጅነት!

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ አምስተኛን ጨርሼ ስድስተኛ ክፍል ልገባ ነው። ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ብዙ በር ያለው አንድ ጠባብ ግቢ፣ በጋራ የምንጠቀምበት አንድ ቧንቧ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው እንዳይውጠን የተደረደሩ ድንጋዮች። አባቴ እኔ ሳልጠና ነው የሞተው። እናቴ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ማታ ስትገባ ጣቶቿን እያሻሸች «ሰኒዬ፣ ሻይ ጣጂልኝ» ትለኛለች። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ደግሞ አባ ቦራ ናቸው።

አባ ቦራ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው ከጉልበታቸው በታች የሚወርድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሱሉልታ መጥተው ዕድሜያቸውን በጋሪ ነው የፈጁት። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ጋሪ መሃል ከተማ ስለማይገባ ጋሪያቸውም ፈረሳቸውም የሚያድሩት አዲሱ ገበያ ነበር፤ ሠፈራችን ውስጥ ያንን ፈረስ ያየ ሰው የለም። ጠዋት በጨለማ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ያንን ሽታቸውን ይዘው ይገባሉ። ቦራ ምን ማለት እንደሆነም ጠይቄ አላውቅም። ስማቸው ነዋ! አባ ቦራ።

በዚያ ክረምት መግቢያ ግን ቤት መዋል ጀመሩ። እናቴ ነገሩ አሳስቧት ስትጠይቃቸው፣ «ፈረሱን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። እኔም አርጅቻለሁ» አሏት። «እሰይ! ይረፉ እንጂ» አለች እናቴ። እሳቸው ግን የሚያርፍ ሰው አይመስሉም። በራቸው ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጠው እጃቸውን የሚያደርጉበት ያጣሉ፤ አንዴ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዴ ኪሳቸው ውስጥ፣ አንዴ ብብታቸው ሥር።

ያን ጊዜ መሠረተ ትምህርት ነው። ቀበሌው ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ይማር ብሎ አባ ቦራንም መዘገባቸው። ክፍል ሲገቡ ዓይናቸው ከሰሌዳው አይደርስም፤ ቢደርስም ያንቀላፋሉ። ስለዚህ እናቴ እኔን አስጠኚ አድርጋ ሾመችኝ። ከምሳ በኋላ ዱካዬን ከድንጋያቸው አጠገብ አስጠግቼ «ሀ» እላለሁ። «ሀ» ይላሉ። «ሁ» እላለሁ። ሰማይ ሰማይ ያያሉ። «አባ ቦራ፣ ሁ!» ስላቸው ነቅተው፣ «አዎ እሱ ነው» ይላሉ።

ሰለቸኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። በዚያ ሰሞን እናቴ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ አንድ የልጆች መጽሐፍ ተውሳ አምጥታልኝ ነበር። በጋዜጣ የተለበደ ስለሆነ ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ «ጋዜጣውን ብትቀጂው ውርድ ከራሴ» ተብያለሁ። ታሪኩ ስለ አንዲት ልጅና ስለ ዱር ፈረሶች ነው። ከፈረንጅ አገር የተተረጎመ መሆኑ አሁን ይገባኛል። ተርጓሚው ግን ለእኛ አስቦ ልጅቷን ብርቄ ብሏታል። ብርቄ ከአያቷ ጋር ከሰፊው ሜዳ አጠገብ ትኖራለች፤ ጠዋት ቂጣ በማር ትበላለች፤ ከሜዳው ማዶ ካለው ጫካ ጌታ የሌላቸው ፈረሶች ውሃ ሊጠጡ ይወርዳሉ። እኔ ታዲያ ምን ልበል? ሰፊው ሜዳ ጃን ሜዳ ነው፣ ጫካው እንጦጦ ነው አልኩ። ሌላ የት ሊሆን ይችላል? ለጥምቀት ጃን ሜዳ ሄደን ያየኋትን አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ አስታውሼ፣ እሷ ትሆን እንዴ ብርቄ ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

እናም አንድ ቀን ሀሁውን ትቼ ለአባ ቦራ ብርቄን ማንበብ ጀመርኩ። ወዲያው ከሰማይ ወረዱ።

«ጌታ የሌለው ፈረስ?» አሉ።

«አዎ። የዱር ፈረስ።»

«የዱር አህያ ሰምቻለሁ። የዱር ፈረስ የት ያለ ነገር ነው?»

«መጽሐፉ ነው የሚለው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ማነው የሚያበላው?»

«ራሱ።»

«ሲታመምስ?»

ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ስለ መታመም ምንም አይልም።

«ጅብስ? እዚያ አገር ጅብ የለም?»

ብርቄ አገር ጅብ አልነበረም። ይህንኑ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እንዲያ ከሆነ ደህና አገር ነው። ቀጥዪ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ናቸው ቀድመው ድንጋያቸው ላይ የሚጠብቁኝ። ብርቄ ለፈረስ ስኳር የምትሰጥበት ቦታ ስንደርስማ ሁለታችንም ተናደድን። ስኳር! እኛ ለስኳር ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ከሌሊት ጀምሮ ድንጋይ እያሰለፍን ወረፋ የምንይዝ ሰዎች! አባ ቦራ፣ «ባለጌ ናት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፈረሶቹን ያየኋቸው በዚሁ ሰሞን ነው። እናቴ ላምባ ግዢ ብላ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላከችኝ። ዝናቡ ያካፋል። ከድልድዩ ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ ሦስት ፈረሶች ቆመዋል። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡላ፣ አንዱ ደግሞ ቀይ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው። ገመድ የላቸውም። ኮርቻ የላቸውም። አጠገባቸው ሰው የለም። ላምባውን ሳልገዛ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ከእንጦጦ ወርደዋል! የሚገርመኝ ሕዝቡ ነበር፤ ሎሚና ጎመን የሚሸጠው፣ ዕቃ የተሸከመው፣ ጃንጥላ የዘረጋው፣ ሁሉም ቀና ብሎ ሳያያቸው ያልፋል። የዱር ፈረስ መሃል ከተማ ገብቶ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ወይ ጉድ!

ወረድኩና በደንብ አየኋቸው። ዳማው የኋላ እግሩን ያነክሳል። ትከሻውና ጀርባው ላይ ጠጉር ያልበቀለበት፣ የደደረ ቆዳ አለ። ነብር ይሆናል የቧጨረው አልኩ። እንጦጦ ላይ ነብር እንደሚኖር ማን ይክዳል?

ፈረስ እንዴት እንደሚላመድ ከብርቄ ተምሬያለሁ። ራቅ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ዓይን ዓይኑን አታይውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትጠጊያለሽ፤ ስትሮጪ ከታየሽ አለቀልሽ። ብርቄን ይሄ ሥራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ፈጅቶባታል። እኔ በማግስቱ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ወደ ወንዙ ዞርኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ሞቅ ያለ ነገር አንገቴ ላይ ተነፈሰብኝ። ዳማው ነው! መጥቶ ሹራቤን ያሸታል፣ እጅጌዬን ያሸታል፣ ፀጉሬን ያሸታል። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት! ብርቄን ናቅኳት። እንዲህ ያለ ችሎታ እያለኝ ሰዎች ለምን እስካሁን ሳያውቁት ቀሩ ብዬ ተገረምኩ። ስሙን ነፋስ አልኩት፤ የብርቄም ፈረስ ነፋስ ነበር የሚባለው፣ ሌላ ስም ስላልመጣልኝ።

ስኳር የማይታሰብ ነው። ግን ክረምት አይደል? እትዬ ዘነቡ ከግቢያችን መግቢያ ላይ በቆሎ ትጠብስ ነበር፤ የምትልጠው ሽፋን እግሯ ሥር ይከመራል። እሱን በዘንቢል መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ሰኒ፣ ይሄ ደግሞ ለምንሽ ነው?» አለችኝ።

«ለፈረሴ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ! እኔም መርከቤን ወንዝ ዳር አቁሜ ነው በቆሎ የምጠብሰው።»

ነፋስ የበቆሎ ሽፋን ሲያይ ጆሮው ይቆማል። ሲያኝክ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይለኛል፤ ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ድምፅ። አንድ ቀን እያኘከ ሳለ ደፍሬ ፊቴን አንገቱ ላይ አስጠጋሁ። አባ ቦራን ሸተተኝ።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የዱር ፈረስ እንዴት ጎረቤታችንን ይሸታል? ቤት ስመለስ በቀጥታ ሄጄ የአባ ቦራን ካፖርት አሸተትኩ። ራሱ ነው!

«ምን ታነፈንፊያለሽ፣ አንቺ?» አሉኝ።

«ምንም።»

መጀመሪያ፣ ፈረሱም አርጅቶ ይሆናል አልኩ። ሽማግሌ ሁሉ እንደዚህ የሚሸት ከሆነ ነገሩ ያስኬዳል። ግን የእናቴን አጎት ጋሼ ተሰማን አሸትቼ አረጋገጥኩ፤ እሳቸው የሚሸቱት ሳሙና ነው። ቀጥሎ፣ አባ ቦራ ተደብቀው ድልድዩ ጋ እየሄዱ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ምናልባት እሳቸውም የዱር ፈረስ እያላመዱ ነው። ሊቀድሙኝ ነው!

«አባ ቦራ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «በዚያ አልሄድም።»

«ለምን?»

«ጭቃ ነው።»

ጭቃ! ዶሮ ማነቂያ የሚኖር ሰው ከጭቃ ሲሸሽ ያን ቀን ነው ያየሁት። ደብቀውኛል ብዬ አኮረፍኩ። ኩርፊያዬ ግን እስከ ማግስቱ ነው፤ የመጽሐፉ መጨረሻ ደርሶ ነበርና ብቻዬን ማንበብ አልሆነልኝም።

መጨረሻው ላይ ብርቄ ፈረሷን ትለቀዋለች። ገመድ ይዘው የመጡ ሰዎች ሊወስዱት ሲሉ እሷ ቀድማ ሜዳው ድረስ ትወስደውና፣ አንገቱን አቅፋ ስማው፣ «ሂድ፣ ነፃ ነህ» ትለዋለች። እኔ ይህንን ሳነብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። በጣም ያምራል ብዬ ቀና ስል አባ ቦራ ድንጋያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ለቀቀችው?»

«አዎ። ደስ ብሏት አለቀሰች ይላል።»

«ደስ ብሏት?»

«እንደሱ ይላል።»

«መቼ ነው የለቀቀችው? ጠዋት ነው ማታ?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ፈለግኩት። «ፀሐይ ስትጠልቅ።»

አባ ቦራ ተነሱ። «ሲመሽ ፈረስ ይለቀቃል? ምን ዓይነት ልጅ ናት እሷ! ያሳደጋት የለም?» ብለው ገብተው በራቸውን ዘጉ። እኔ መጽሐፉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያጠፋሁት ነገር ካለ ብዬ ገጹን እንደገና አነበብኩት።

ከዚያ ነጩ ፈረስ ጠፋ። ወደ ጫካው ተመለሰ ብዬ ደስም አለኝ፣ ቅርም አለኝ። ቀጥሎ ቡላው ጠፋ። ወንዙ ዳር ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን፣ «እንጦጦ ተመለሱ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የምን እንጦጦ?» አለች። «ጅብ ነዋ! በወንዙ በወንዙ እየወጣ አይደል የሚመጣው?» ከጎኗ ያለችው ቀበል አድርጋ፣ «ሰዓት እላፊው ለሰው ነው፤ ለጅብማ አልታወጀ» አለችና ተሳሳቁ። ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት። አንዷ በእጇ ወደ ቄጤማው አመለከተችኝ። ሄጄ አየሁ። ያየሁትን አልነግራችሁም።

ነፋስ ከድልድዩ ግንብ ተጠግቶ ቆሟል። የበቆሎውን ሽፋን አልበላም። ቆዳው ዝንብ ሳይኖር ይርገፈገፋል። ዛሬ ማታ የእሱ ተራ ነው። ሲመሽ ደግሞ ማንም ከቤቱ አይወጣም። እየሮጥኩ መጥቼ የአባ ቦራን በር ደበደብኩ።

«አባ ቦራ፣ አንድ ፈረስ ግቢያችን ይደር! እባክዎ ለእናቴ ይንገሩልኝ!»

«ፈረስ? የምን ፈረስ?»

«የዱር ፈረስ ነው፤ ድልድዩ ሥር ነው ያለው። ጓደኞቹን ጅብ በልቷቸዋል!»

«የዱር ከሆነ ሮጦ ያመልጣል።»

«ያነክሳል እኮ! ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ የኋላ እግሩን ያነክሳል!»

የበሩን መቃን ያዙ።

«አላውቀውም» አሉ።

እኔ እኮ ያውቁታል ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ግን ያን ጊዜ ይሄን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። የእትዬ ዘነቡን በቆሎ ሽፋን ዘንቢል ሙሉ ይዤ ወደ ድልድዩ ተመለስኩ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣን ልንገራችሁ። ሽፋን አሳየዋለሁ፣ ይመጣል፤ አንድ አበላዋለሁ፣ ይቆማል፤ እንደገና አሳየዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስቃል። አንዱ፣ «እሜቴ፣ ታክሲዎ ተበላሽቷል፤ ይገፋልዎ?» ይላል። ሌላው፣ «ተዋት፣ ለጋብቻ ነው የምትወስደው!» ይላል። እኔ አልሰማም። የምፈራው ፀሐይዋን ነው። ሠፈር ስንደርስ እትዬ ዘነቡ ማራገቢያዋን ጣለችና፣ «በስመ አብ! እውነትሽን ኖሯል እንዴ?» ብላ ከኋላችን ተከተለች። ልጆችም ተከተሉ። ግቢው በአንዴ ሞላ።

ጉድ ሲመጣ አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አባ ቦራ በር ላይ ቆመዋል። አባ ቦራ ከመሠረተ ትምህርት ቀሪ ስላበዙ ሊገሥጿቸው ነው የመጡት። አባ ቦራ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

ነፋስ የግቢውን በር እንዳለፈ ቆመ። አፍንጫው ሰፋ፣ ጠበበ። ሽፋኑን ከፊቱ አወዛወዝኩለት፤ አላየውም። አልፎኝ ሄደ። እያነከሰ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ በሕዝቡ መሃል አልፎ፣ አባ ቦራ ጋ ሲደርስ አንገቱን ዝቅ አደረገና አፉን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተተ። ኪሱ የት እንዳለ ያውቃል! አባ ቦራ አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ነው።

«ይሄ ፈረስ የማን ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የማንም አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «የዱር ፈረስ ነው!»

ግቢው በሳቅ አውካካ። ሊቀመንበሩም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ባለቤት የሌለው ከብት መንደር ውስጥ አይፈቀድም። ነገ መጥተው ይወስዱታል» አሉ።

«ለአንበሳ ግቢ ቀለብ ነዋ!» አለች እትዬ ዘነቡ።

«አይሆንም!» አልኩ። ዕንባዬ መጣ። «አባ ቦራ፣ አይሆንም ይበሏቸው!»

አባ ቦራ ቀና ብለው አላዩኝም። ፈረሱ ኪሱን ትቶ ደረታቸውን፣ ከዚያ አገጫቸውን ማሸት ጀመረ። ሊቀመንበሩ አንዴ ፈረሱን አንዴ ሽማግሌውን አዩ። «አባ ቦራ፣ ያውቁታል እንዴ?» አሉ ዝግ ብለው።

ሳቁ ቆመ።

«የእኔ ነው» አሉ አባ ቦራ።

«ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት ብለው አልነበር?»

«ዋሸሁ።» እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሳና የፈረሱን ግንባር ነካ። «ቦራ ነው፣ ግንባረ ነጭ። እግሩን ተሰበረና ሥራ ከለከለው። መግደል አልሆነልኝም፣ መቀለብ አቃተኝ። እንደ ሌሎቹ ባለጋሪዎች ድልድዩ ጋ ወስጄ ሲመሽ ለቀቅኩት፤ ሰው እንዳያየኝ። ወደ ቤት ስመለስ ከኋላዬ ይመጣል። ዞር በል እለዋለሁ፣ ይመጣል። በድንጋይ ነው የመለስኩት። በድንጋይ!»

ከዚያ አለቀሱ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ካፖርታቸው በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

እንዳዘንኩላቸው ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን የተሰማኝ ቅናት ነበር፣ የሚያቃጥል ቅናት። «ስሙ ነፋስ ነው!» አልኩ። «ነፋስ! ነፋስ!» ጆሮው እንኳ አልተነቃነቀም። አባ ቦራ በለሆሳስ «ቦራ» ሲሉ ግን ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። አባ ቦራ በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩ፣ የአገራቸው ወግ እንደዚያ እንደሆነ፣ የራሳቸውን ስም በሠፈሩ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ቤት ገብቼ አልጋ ሥር ተደበቅኩ።

እናቴ ከሥራ ስትገባ ከነቦርሳዋ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተኛች። «ታዲያ እኔ ጋ ለምን መጣ?» አልኳት። «መጀመሪያ ቀን፣ በቆሎም ሳልይዝ፣ ለምን መጣ?» እናቴ አሰበች። «እኔ ምኑን አውቄ? እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ሊቀመንበሩ ለአንድ ሌሊት ፈቅደው ሄደዋል። ቦራ በአባ ቦራ በር ላይ ታስሮ አደረ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ በግድግዳው በኩል በኦሮምኛ ሲያወሩት እሰማ ነበር። ጠዋት ስነሳ አባ ቦራ ዕቃቸውን በቡልኮ ጠቅልለዋል። ሱሉልታ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ሜዳም በረትም አላት፤ እስካሁን ያልሄዱት ጋሪ የሌለው ባለጋሪ፣ አንካሳ ፈረስ ይዞ አገሩ ሲገባ ምን ይባላል ብለው አፍረው ነው። «አሁንማ ምን ቀረኝ» አሉ እናቴን። «ሠፈር ሁሉ አይቶኛል።»

እስከ ጊዮርጊስ ድረስ እንድሸኛቸው እናቴ ፈቀደችልኝ። ገመዱን እኔ ያዝኩ። መንገድ ላይ ጠየቅኳቸው።

«አባ ቦራ፣ መጀመሪያ ቀን እኔ ጋ ለምን መጣ?»

ቆሙና አዩኝ። «አጠገቤ ትውዪ የለ?» አሉ። «ሹራብሽ እኔን ሸቶት ነዋ!»

ይህንን እያላመጥኩ ሄድኩ። ችሎታዬ ሁሉ ያ ነበር፤ የሽማግሌ ሽታ ይዞ መዞር። ተናደድኩ። ደግሞ ድልድዩ ሥር ሆኖ፣ በድንጋይ ተመትቶ፣ ያንኑ ሽታ ሲያገኝ እያነከሰ መምጣቱን ሳስብ ገመዱን አላላሁለት። ቦራን ቀና ብዬ አየሁት፤ ጭቃውን እየመረጠ ነው የሚራመደው።

ጊዮርጊስ ስንደርስ ገመዱን ተቀበሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አየኋቸው። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ቦራ ጀርባ ላይ ምንም የለም። ቡልኮው፣ ድስቱ፣ ስንቁ፣ ጃንጥላው ሁሉ ተጠቅልሎ አባ ቦራ ጀርባ ላይ ነው፤ ጎብጠው፣ በአንድ እጃቸው ጠፍሩን፣ በሌላው ፈረሱን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ።

መንገዱ ዳር ጎረምሶች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ነበር። አራዳ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያልፋትም።

«አባባ፣ ተሳስተዋል!» አለ አንዱ። «ጭነቱ እዚያኛው ላይ ነበር የሚሆነው!»

አባ ቦራ እርምጃቸውን ሳይገቱ መለሱለት።

«ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ጎረምሶቹ መሳቅ ጀምረው ነበር፤ ተዉት። አንዱ ከጠርዙ ላይ ተነስቶ መንገድ ለቀቀላቸው።